ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ

እኔ የሰው ፎቶ አላነሳም። የማነሳው የጥንት ቤቶችን በር ነው፤ ያውም በእንቁጣጣሽ ማለዳ፣ አደይ አበባና ቄጠማ ሲታሰርባቸው። ፌስቡክ ላይ ራሴን «የበሮች ሊቅ» ብዬ ሰይሜያለሁ። ከተከታዮቼ ግማሾቹ የአክስቶቼ ልጆች ናቸው።

ከሁሉም የምወደው ከፒያሳ ጀርባ ያለውን ሰማያዊ በር ነው። ችግሩ፣ በየዓመቱ አንዲት እናት የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው በሩ ላይ ይቆማሉ። እኔም እንደ ትልቅ ባለሙያ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» እላለሁ። «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ፈቀቅ ይሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ስጨርስ መርቀውኝ ይገባሉ።

ዘንድሮ በሩ ላይ አበባ የለም። ቀኔ ተበላሸ ብዬ እየተነጫነጭኩ ካሜራዬን ቦርሳዬ ውስጥ ስከት፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ወጣች።

«ፎቶ አንሺው አንተ ነህ አይደል? እማዬ ሐምሌ ላይ አረፈች። ፎቶ ቤት እንሂድ ስላት፣ ‹ያ ልጅ በየዓመቱ ያነሳኝ የለ!› እያለች እምቢ አለች። ለለቅሶዋ እንኳ የሚያዝ ፎቶ አጣን። እስቲ አንድ ጥሩ ፈልግልኝ።»

በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኬን አውጥቼ የስድስት ዓመት በር አገላበጥኩ። በጣም ጥሩ በር ነው፤ የቁልፉ ቀዳዳ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

አንደኛው ፎቶ ላይ፣ ከጥጉ፣ ሁለት ጣቶች አሉ። አበባውን ሲያስተካክሉልኝ።