የአዳር ልጅ

የጎረቤታችን የእትዬ ቀመሪያ ትንሿ ልጅ ረውዳ በራችን ላይ ቆማ ጫማዋን እያወለቀች ነው። ሁለት ቀሚስ ደራርባ ለብሳለች። እናቷ ከኋላዋ ብርድ ልብስ ተሸክማ፣ እራቷን እንደበላች፣ ውጭም ወጥታ እንደተመለሰች ለእናቴ ትነግራታለች። እናቴ ልጅቱን በብብቷ ይዛ ወደ ውስጥ ታስገባታለች፤ እኔን ቀና ብላም አላየችኝ።

ነገሩ አልገባኝም። ከስድስት ኪሎ ሜክሲኮ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲህ በእግሬ ስመጣ በሆዴ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እማዬ፣ ታሪክን መርጫለሁ» ልላት።

ዋና ትምህርቴ አንትሮፖሎጂ ነው። ከጎኑ ግን እያንዳንዳችን አንድ ማይነር መያዝ አለብን፣ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ነገ ነው። ለኔ የቀሩት ሁለት ናቸው። ቋንቋ ጥናትን ከመረጥኩ ክረምቱን በሙሉ ኦሞ ወርጄ፣ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጬ ቃል ስለቅም እከርማለሁ። ታሪክን ከመረጥኩ ቀን ቤተ መጻሕፍት፣ ማታ ማታ ቤቴ። አስተማሪያችን አቶ ፍሰሐ፣ የሰውን ቋንቋ ሳያውቁ ኑሮውን አጠናለሁ ማለት ማዕዱን በመስኮት እያዩ ጠገብኩ እንደ ማለት ነው ይላሉ። ልቤም ያለው እዚያው ኦሞ ነው፤ አልዋሽም።

ግን እማዬ ብቻዋን ማደር አትችልም። ወንድሜ ኩማ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ የቤቱ ዝምታ ከብዷታል። ቀን ቀን ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ ስትሸጥ ሰው መሃል ናት፤ ጉዱ ሲመሽ ነው። ስለዚህ ዶርም እያለኝ በየማታው እየመጣሁ ከጎኗ እተኛለሁ። የዶርም ልጆች «ጡት ያልጣለች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እትዬ ቀመሪያ ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ጣል አድርጋ ስትወጣ ትከሻዬን መታ መታ ታደርገኛለች። አይዞሽ፣ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ትለኛለች። እኔን ለምን እንደምታጽናናኝ ገና አላወቅኩም።

ልጅቱ ለምን እንደመጣች እናቴን እጠይቃታለሁ። ድስቱን እየጣደች፣ ቀስ ብላ ትነግረኛለች። ባለፈው ሳምንት ስለ ሁለቱ ምርጫ ሳወራላት፣ ኦሞ ላይ ስደርስ ምላሴ ሲፈታ፣ ታሪክ ላይ ስደርስ ደግሞ ሳዛጋ አይታኛለች። ምንም ሳትለኝ እትዬ ቀመሪያ ዘንድ ሄዳ ለአዳር የምትሆናት ልጅ ለምናለች። እትዬ ቀመሪያም ልጆቿን ሁሉ ደርድራ ምረጪ አለቻት። ትልቁ ያንኮራፋል፤ መካከለኛዋ በእንቅልፏ ትራገጣለች። እናቴ ከኔ ይልቅ ቶሎ ወሰነች።

ክፍል ውስጥ ስለ ሩቅ ሰዎች ልማድ ስንት ወረቀት ጽፌያለሁ። ብቻዋን የቀረች ሴት የጎረቤት ልጅ ተውሳ ማደሯን ግን ልማድ ብዬው አላውቅም፤ በሰፈራችን ስንቷ እንዲህ አድራለች። እኔ ራሴ እትዬ ወለተሰንበት ባላቸው የሞቱ ጊዜ የአዳር ልጃቸው ነበርኩ። ዳቦ ይደብቁልኝ ነበር።

«እማዬ፣ ታሪክ ነው የምይዘው» እላታለሁ። «ብቻሽን አትሆኚም። ብቸኝነት ከባድ ነው።»

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ብላ ትስቃለች። ሳቋ ግን ቶሎ ያልቃል። ማማሰያዋን አስቀምጣ ወደኔ ትዞራለች። «ስሚ የሺ። ኩማን ቀበሌ ነው የወሰደብኝ፤ ማንም አልጠየቀኝም። አንቺን ግን እኔው ራሴ ነኝ የምልክሽ። ይችን አትከልክዪኝ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ ስጸልይ የሰነበትኩት ለዚህ ነው። ደስታው ግን አይመጣም። ከገዛ ቤቴ የተሸኘሁ ያህል ሆድ ይብሰኛል።

እራት እንበላለን። ረውዳ ቤቷ በልታ መጥታም ከኛ ጋር ደግማ ትበላለች፣ እማዬም ከልቧ ታጎርሳታለች። ከዚያ ልጅቱ የኔ ቦታ ላይ፣ በግድግዳው በኩል ትወጣና እግሯን ሰብስባ ትተኛለች። እማማ፣ ተረት ንገሪኝ ትላታለች። በዳር በኩል ልጠጋ ብዬ ብርድ ልብሱን ስገልጥ እናቴ እጄን ትይዘኛለች። ይዛኝም ከመጋረጃው ወዲያ ወዳለው የኩማ አልጋ ትወስደኛለች።

እዚያ አልጋ ላይ እሱ ከሄደ ወዲህ ማንም ተኝቶ አያውቅም። አንሶላውን ግን በየቅዳሜው ታጥበዋለች። አልጋ ልብሱን በሁለት እጇ ገልጣ ትቆያለች።

«እኔስ ረውዳን አገኘሁ» ትለኛለች። «አንቺ እዚያ አገር ማን አለሽ? ከዛሬ ጀምረሽ ልመጂ።»

እተኛለሁ። አልጋው ጠባብ ነው፣ ለኔ ግን ይሰፋኛል። ከመጋረጃው ወዲያ የእናቴ ድምፅ ተረቱን ይዞ እየቀነሰ ይሄዳል፤ መጨረሻው ሳይደርስ ሁለቱንም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። እዚህ ከእማዬ ጋር፣ እትዬ ወለተሰንበት ቤት ከእሳቸው ጋር፤ ጀርባዬን ከሰው ጀርባ ሳላስጠጋ አንድም ሌሊት አድሬ አላውቅም። በየማታው ከስድስት ኪሎ የምመላለሰው ለእሷ ብዬ ነው ስል ነበር።

ወደ በሩ ዞሬ ጀርባዬን ከግድግዳው አስጠጋለሁ። ግድግዳው ይቀዘቅዛል።