የእህል መኪናው ባትሪ

ሁለተኛው ጥንድ ትራንዚስተርም ጨሶ ተቃጠለ። ፍሪጁ አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ።

ደባሱ ከተንበረከከበት ተነሥቶ መጋዘኑ ውስጥ ሦስት እርምጃ ሄደ፤ ተመለሰ። ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው፤ የላሊበላው እርዳታ ጣቢያ ጄኔሬተር ነዳጅ ካጣ ወር አልፎታል። ከአዲስ አበባ ተሸክሞት የመጣው ሣጥን የመኪና ባትሪን ኃይል ፍሪጅ ወደሚያሠራ ኃይል ይለውጣል። ሦስት ዓመት ተመራምሮበታል። እንደ ድሮዎቹ መለወጫዎች ግማሹን ኃይል በሙቀት አያባክንም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ትራንዚስተሮቹ አንድም ቀን ተቃጥለውበት አያውቁም።

«ስንት ቀረህ?» አለችው ታላቅ እህቱ አስቻለች፣ የጣቢያው ጤና ረዳት።

«አንድ ጥንድ።»

ቴርሞሜትሩን የኩፍኝ ክትባቱ ከተቀመጠበት የበረዶ ዕቃ አወጣችው። «ሰባት ዲግሪ። በረዶው ውሃ ሆኗል። ስምንትን ካለፈ መድፋት ነው። ልጆቻቸውን ይዘው ከብልባላ የተነሡት እናቶች ደግሞ ነገ ነው የሚደርሱት።» የኩፍኙን ነገር አላነሣችም። ጧት የተቀበሩትን ሁለት ሕፃናት እሱም አይቷቸዋል።

«እስቲ ዝም በይልኝ፣ እታለም!» አለና ወዲያው አፈረ። ስሌቱን ካርቶን ላይ ጻፈ፤ ሰረዘ፤ እንደገና ጻፈ።

የእህል መኪናው ሾፌር አሊ በበሩ ብቅ አለ። ባትሪው ውጭ ከቆመው መኪናው ላይ ነው፤ ሽቦው በመስኮት ገብቷል። «ኢንጂነር፣ ሽቦህ ይፋጃል እኮ። እጄን ለበለበኝ።»

«የቱ ጋ?»

«ከባትሪዬ እስከ መስኮቱ፣ ሁለመናው።»

ደባሱ ሮጦ ወጥቶ ሽቦውን ጨበጠ። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው። ፍሪጁ ሲነሣ የሚጠይቀው ኃይል መንገድ ላይ እያለቀ ሣጥኑ ጋ የሚደርሰው ጭላጩ ነበር። ትራንዚስተሮቹን የፈጃቸው የጎደለውን ለመሙላት መታገላቸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሣጥኑን ብቻ ሲያይ ኖሮ!

«ሣጥኑ እዚህ ባትሪው ሥር ይምጣ። ረጅሙ ሽቦ ከሣጥኑ ወደ ፍሪጁ ይሂድ። ከሣጥኑ የሚወጣው ከፍተኛ ቮልት ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል።»

«ባትሪዬን ብትጨርሰውስ? በምን አስነሥቼ ነው ወልድያ የምወርደው?»

«አይጨርሰውም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ!» አለ ደባሱ፣ የቄስ ልጅ።

የመጨረሻውን ጥንድ ሲገጥም አሊ ፎጣውን ዘርግቶ ከአቧራው ከለለለት። ፍሪጁ አጉረመረመ። ቀጠለ።

ከዚያም በኋላ መቀመጥ አቃተው። ከመኪናው ወደ ፍሪጁ፣ ከፍሪጁ ወደ መኪናው ይመላለሳል። አስቻለች ከትናንት ጀምረው ሰልፍ የያዙትን ልጆች ስትከትብ ቆይታ በመጨረሻ መመላለሱ ሰለቻት። «ና፣ ይህችን ያዝልኝ» ብላ አንዲት ሕፃን አስታቀፈችው። መርፌው ሲገባ ሕፃኗ ጮኸች።

በዚያው ቅጽበት ፍሪጁ ቀጥ አለ።

«ተቃጠለ!» አለ ደባሱ።

አስቻለች የፍሪጁን በር ገርበብ አድርጋ ከክትባቱ ጋር ያስገባችውን ቴርሞሜትር አየች። «አራት ዲግሪ። የሚበቃውን በርዶ ነው በራሱ የቆመው።»

አላመናትም። ሕፃኗን እንዳቀፈ ግድግዳውን ተደግፎ አዳመጠ። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ፍሪጁ በራሱ ጊዜ ተነሣ።

ሕፃኗ ትከሻው ላይ እንቅልፍ እንደወሰዳት ያየው ያኔ ነው።