ምስጢር የማይቋጥር ስልክ

«እማዬ፣ ይህ ስልክ የምታወሪውን ሁሉ ይሰማል፤ ሰምቶም ለነጋዴ ይናገራል» ብላ ውብአለም ብታስጠነቅቃት፣ እናትየዋ ከት ብላ ሳቀች።

«ይስማ! ጎረቤት በግድግዳ ሲያዳምጠኝ የኖርኩ ሴት፣ አሁን ይህን መስታወት ልፍራ?» አለችና ስለ ልጇ ሰርግ ከእህቷ ጋር ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ስታወራ ሰነበተች።

እሁድ ከወንዱ ወገን የተላኩ ሽማግሌዎች ውብአለምን ለጋብቻ ሊጠይቁ መጡ። የሴት ወገን ወጉ መኩራት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለች እናት ልጇን አራከሰች ትባላለች። እሷም ፊቷን እንደ ሐምሌ ሰማይ አጠቆረችው።

«ልጄ ገና ናት። ሰርግ የሚባል ነገር በዚህ ቤት ተነስቶም አያውቅ። ሂዱና ሌላ ቀን ተመለሱ» አለች። ደግሞ የማንን ልጅ እንደጠየቁ ይወቁት ብላ፣ የውብአለምን የምረቃ ቪዲዮ ልታሳያቸው ስልኩን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

ከምረቃው በፊት ማስታወቂያ ቀደመ። «ልጅዎን ሊድሩ ነው? ቬሎው፣ አዳራሹ፣ ድንኳኑ፣ ሁሉም በቅናሽ ከእኛ ዘንድ!» እያለ ይጮህ ጀመር። ላጥፋው ብላ ብትነካካው ጭራሽ ድምፁ ጨመረ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ ትልቁ፣ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከዘራቸውን አነሱ።

«እንግዲህ ተመለሱ ካሉን እንመለሳለን፣ እመቤቴ» አሉ። «ግን ቅናሹ የሚያበቃው ማክሰኞ ነው ይላል።»