የማሾው ጥያቄ

መምህሩ ቀዩን ዜሮ በአውራ ጣቱ ሸፍኖ የልጅቷን ወረቀት ያዘ። ከጦርነቱ በኋላ የመርሳ ከተማ ስትረጋጋ ትምህርት ቤቱ አንዲት ማይክሮስኮፕ እንኳ አልተረፈለትምና የባዮሎጂውን የተግባር ፈተና በወረቀት ያወጣው እሱ ነበር። ሁለት መምህራን ለየብቻ አርመው ነጥባቸው ካልተቀራረበ ፈተናው አይታመንም ብሎ ደንቡን ያመጣውም እሱ ነበር። አሁን እሱ ዜሮ ለሰጠው መልስ ባልደረባው መምህርት ውባለም አምስት ከአምስት ሰጥታለች።

ጥያቄው «በብርሃንና በጨለማ ከበቀለ ማሾ የትኛው ቶሎ ይረዝማል?» የሚል ነበር። ልጅቷ የጨለማው ብላለች። የእሱ የመልስ ቁልፍ የብርሃኑ ይላል።

«ማን ነገረሽ?» አላት ፊቱ የቆመችውን ልጅ።

«ማንም፣ ቲቸር። በጦርነቱ ጊዜ ከእማዬ ጋር የእህል ጉድጓድ ውስጥ ተደብቀን ነበር። ስንገባ የፈሰሰብን ማሾ ከውስጥም ከደጅም በቀለ። የውስጡን በየቀኑ እለካው ነበር። ስንወጣ ሳየው ነጭና ቀጭን ነው፤ የደጁ አረንጓዴ ቢሆንም ግማሹን አያክልም።»

«አንተስ ዘርተህ አይተሃል?» አለችው አጠገቡ የተቀመጠችው ውባለም ቀስ ብላ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሲያስተምር አንዲት ፍሬ ዘርቶ አያውቅም። ፊቱ ጋለ። አውራ ጣቱን ከዜሮው ላይ ማንሳት አቃተው።

ለልጅቷ የፊቱ መለዋወጥ ቁጣ መሰላት።

«ከተሳሳትኩ ይቅርታ፣ ቲቸር» አለች አንገቷን ደፍታ፤ «መብራት ስላልነበረን በጣቴ እየዳሰስኩ ነው የለካሁት።»