የሐሙስ ቀለም

«ንፋሱ» የሚለውን ስም ያወጣለት ሞተር ሳይክል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ተወዳድሮ ሰባት ዋንጫ በላ፤ የትከሻ አጥንቱም ሦስት ጊዜ ተሰበረ። ለአራተኛው ስብራት ሐኪሙ ዋስትና አልሰጠም። የያኔዋ እጮኛው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እንደ ሐኪሙ ብዙ አላብራራችም።

«ወይ ሞተሩ፣ ወይ እኔ።»

ያቺን ባለ ነጭ መስመር ቀይ ሞተር ለመካኒኩ ሸጠና አገባት።

ሰው ሁሉ «ንፋሱ አበቃለት» ሲል እሱ ወደ መኪና ውድድር ዞረ። በመጀመሪያው ዓመት ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣ። በሁለተኛው ዓመት ሦስተኛ፣ በሦስተኛው ሻምፒዮን። ሜዳው ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ከፊት የሚመጣ የለም፣ መብራት የለም፣ ትራፊክ ፖሊስ የለም። ውድድሩ ሲያበቃ የጋራዡ ልጆች መኪናዋን በእጃቸው ገፍተው ወደ ቦታዋ ይመልሷታል። ጋዜጠኞች የድሉን ምስጢር ሲጠይቁት መልሱ አንድ ነው።

«ንፋስ ወደ ኋላ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

የቤቱን መኪና ግን የምትነዳው ሚስቱ ናት። እሷ በኋላ ማርሽ ከጠባቡ ግቢ ሹልክ አድርጋ ስታወጣት፣ ሻምፒዮኑ የግቢውን በር ይዞላት ይቆማል።

«ለእኔ እኮ ሥራ ነው፤ እቤቴ እንኳ ልረፍ እንጂ» ይላል።

ሚስቱ አረገዘች። በሰባተኛው ወር ሆዷ ከመሪው ጋር መጣላት ጀመረ።

«ምጡ ሲመጣ ማን ነው ሐኪም ቤት የሚያደርሰኝ?» አለችው ምሳ ላይ።

«ሻምፒዮን አግብተሽ ይሄ ይጠየቃል?» አለና ውሃው ትን አለው።

የሐሙስ ጠዋቶች የተጀመሩት በዚያው ሳምንት ነው። ሐሙስ ሐሙስ መካኒኩ ይመጣና ይዞት ይሄዳል። ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ አንገቱን ይዞ ያቃስታል። ድሮም ከሞተር ሲወርድ እንዲሁ ነበር፤ ያኔ ሄልሜቱ ይከብደው ነበር። አሁን ግን ሱሪው ላይ ሌላ ነገር አለ። ልብስ ሰፊ ደግሞ ጨርቅ ማንበብ ታውቃለች። ጉልበቱ ላይ ቀይ ቀለም አለ፤ ከአጠገቡ ነጭ።

መካኒኩን ሱቋ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ያቺ ሞተር የት ናት?»

«እኔ ጋ ናት። ምነው?»

«ሐሙስ ሐሙስስ የት ነው የምትሄዱት?»

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

«እሱን ተዪኝ፣ እቴ። አስምሎኛል። ሰው ከሰማ ጉድ ሆንኩ ብሏል።»

ተናደደች። ከንዴቱም በላይ ፈራች። ልጇ አባቱን በፎቶግራፍ ብቻ እንዲያውቀው አልፈለገችም። የገባላት ቃል አራት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ማጠፉ ደግሞ አንገበገባት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ታክሲ ይዛ ተከተለቻቸው።

ከከተማው ዳር፣ በቆርቆሮ ወደታጠረ ሜዳ ገቡ። ከታክሲው ወርዳ ጆሮዋን ከአጥሩ አስጠጋች። ከውስጥ ሞተር አጓራ። ቀጥሎ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የመካኒኩ «ወይኔ!»፣ ከዚያም የማታውቃት ሴት ሳቅ።

ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ የቆርቆሮውን በር በርግዳ ገባች።

ጣራዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሸከመች አሮጌ መኪና ወደ ኋላ ሄዳ ቆማለች፤ ሻምፒዮኑ አንገቱን በመስኮት አስግጎ ከጎማው ሥር የተጋደመውን ቀይና ነጭ እንጨት ያያል፤ አስተማሪዋም የቀለም ቆርቆሮ እያቀበለችው «ይቺንም ቀብተህ ትተክላታለህ፤ ለመንጃ ፈቃድ ፈተናው እኮ የቀረህ አንድ ሳምንት ነው!» ትለዋለች።