መቶ አርባ ቮልት

«ሞተሩን ያጥፉልኝ ነው የምልዎት፣ ጋሼ በዛብህ።»

ባለወፍጮው ወደ አዋላጇ ወደ ምሥራቅ ጎንበስ አለ። ወፍጮው ስለሚያጓራ የሰማው ግማሹን ብቻ ነው። «እሺ ሲስተር፣ የዚችን ሴትዮ ልፍጭላትና።»

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሁለቴ ተልኮ ሁለቴም ይዞ የተመለሰው ይህንኑ መልስ ነበር። አሁን አዋላጇ ራሷ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች የሐምሌን ጭቃ ረግጣ መጥታለች፤ መልሱ ግን ያው ነው።

ጤና ጣቢያውና ወፍጮ ቤቱ አጥር ለአጥር ናቸው፤ መብራታቸውም የሚወርደው ከአንድ ምሰሶ ነው። አዲስ ቅዳም ከተማ ሁለት ቀን ሙሉ መብራት አጥታ ሰንብታ፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ መጣላት። ወሬው በተሰማ ጊዜ ከየገጠሩ ገብስና ዳጉሳ የተሸከመው ሁሉ ወፍጮ ቤቱን አጥለቀለቀው፤ በዛብህም ሁለቱንም ሞተር አስነሳ። ያን ጊዜ ነው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ቀኑ የተወለደው ሕፃን የተኛበት ማሞቂያ መቀዝቀዝ የጀመረው።

«ልጅ እየሞተብኝ ነው» አለች ምሥራቅ ወደ ጆሮው ተጠግታ። «ሰውነቱ በረዶ ሆኗል።»

በዛብህ ክፉ ሰው አይደለም። ፊቱን ቅጭም አደረገ። «እናቱ ደረቷ ላይ ታስተኛዋ። የእኔን ትንሿን እንዲያ አድርጉ ያላችሁን እናንተው አይደላችሁ?»

«ይኸኛው ትንፋሹ አልመጣም። ነርሷ ሀይማኖት በእጅ በሚጨመቅ የአየር ፊኛ እያስተነፈሰችው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጠፍጣፋ ላይ መተኛት አለበት። ሙቀት ያለው ከማሞቂያው ብቻ ነው።»

«መብራቱማ አለ። ይኸው አምፑላችሁ በርቶ ይታየኛል።»

ምሥራቅ ጥርሷን ነከሰች። ዘበኛውም መብራት አለ ይላታል፤ የልጁ አባትም መብራት አለ ይላታል። የለም ያለ ማን አለ።

«አለ፤ ግን ሞተሮችዎ ስበውት ደክሟል። የክትባቱ ፍሪጅ ላይ ያለው መለኪያ መቶ አርባ ቮልት ነው የሚያሳየው። ሁለት መቶ ሃያ መሆን ነበረበት።»

«መቶ አርባ ካለማ ከግማሽ በላይ ነው» አለ በዛብህ። «ከግማሽ በላይ ሙቀት ያችን ለምታህል ነፍስ ያንሳታል?»

ብሎ ዱቄት ሊዝቅ ዞር ሲል እጅጌውን ያዘችው። የማጥፊያው ሣጥን ክዳን ዱቄት ለብሷል፤ በጣቷ ጻፈችበት።

«ይህን ይዩልኝ። ማሞቂያው ላይ የተጻፈው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት፣ ሁለት ነጥብ ሰባት አምስት አምፒር ነው። ቮልቱን ለአምፒሩ ሲያካፍሉት ሰማንያ ይመጣል፤ ሰማንያ ኦም። ሽቦው ከረንቱን የሚከለክልበት ልክ ነው፤ እሱ አይለወጥም። አሁን መቶ አርባውን ለዚያው ለሰማንያ ያካፍሉት። አንድ ነጥብ ሰባት አምስት። ቮልቱ ብቻ አይደለም የወረደው፣ ከረንቱም አብሮት ወርዷል። ሙቀት ማለት ደግሞ የሁለቱ ብዜት ነው። በደህናው ቀን ስድስት መቶ አምስት ዋት የሚሰጠው፣ አሁን የሚሰጠው ሁለት መቶ አርባ አምስት ነው። ከግማሽ በላይ ይላሉ፤ ግማሽም አይሞላም።»

ሣጥኑ ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል። በዛብህ አንብቦ ሳይጨርስ ዱቄቱ ተንሸራቶ ቁጥሮቹን ሞላቸው። ምሥራቅ ክዳኑን በጡጫ ልትለው ምንም አልቀራት።

«ጥፋቱ እኮ የእኔ አይደለም ሲስተር» አለ። «መስመሩ ነው አቅም ያጣው። እነዚህንስ ምን ልበላቸው? ልጆቻቸው ሁለት ቀን ንፍሮ ሲቆረጥሙ ነው የሰነበቱት። ወንዙ ሳይሞላ መመለስ አለባቸው፤ ማታ መብራቱ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል?»

ይበልጥ ያናደዳት እውነቱን መሆኑ ነው። ሴቶቹን አየቻቸው። ጀርባቸው ላይ ያዘሉ አሉ፤ ልብሳቸው በዝናብ ርሶ ገላቸው ላይ ተጣብቋል። ዘላ ማጥፊያውን ልትጫነው ፈለገች፤ በዛብህ ግን በሩን የሚያህል ሰውነቱን ይዞ ከፊቱ ቆሟል።

ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ፣ ጆንያቸውን ወፍጮው አፍ ላይ ያስደገፉ አሮጊት አብራቸው ያለችውን ሴት በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቋት። ሴትዮዋ ጆሯቸው ሥር አስረዳቻቸው። ካዳመጡ በኋላ ወደ በዛብህ ዞሩ።

«ተራው አሁን የማን ነው?» አሉት።

«የእርስዎ ነው እማማ ያለምወርቅ። ይጨምሩ።»

አልጨመሩም። ጆንያውን ከወፍጮው አፍ ጎትተው አወረዱና ተቀመጡበት። «ተራዬን ለዚያ ልጅ ሰጥቻለሁ። መብራቱን እሱ ይብላው።»

«እማማ፣ ሌሎቹስ?»

«የእኔ ሳያልቅ ሌላ ሰው ይገባል እንዴ? እኔ ገና ነኝ።»

ከኋላ አንዷ «እኛስ የልጆች እናት አይደለንም?» ብላ አጉረመረመች። ቢሆንም ጆንያውን ተሻግራ እህሏን ልታስቀድም የመጣች አንድም ሴት አልነበረችም። በዛብህ አሮጊቷን አየ፤ ምሥራቅን አየ፤ ግንባሩን ሲጠርግ ዱቄት ቀባው። ከዚያ እጁን ዘርግቶ አንደኛውን ሞተር አጠፋ፤ ቀጥሎም ሁለተኛውን።

ምሥራቅ አላመሰገነችውም፤ ሮጠች። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘው ቺንጋ ከኋላዋ እየተንሸራተተ ሲቆም፣ በጩኸት ሲያወሩ የነበሩት ሴቶች በራሳቸው ድምፅ ደንግጠው ዝም ሲሉ ሰማች። ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ ሲቀር በአንድ እግሯ ካልሲ ቀጠለች።

አጥሩ ጋ ስትደርስ ከማዋለጃው መስኮት አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ቆመች። ድምፁ ተቆረጠ። እንጨቱን እንደጨበጠች ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች።

እንደገና መጣ። በዚህኛው ቁጣ ነበረበት።