የእትዬ ዘነቡ ምርጫ

እትዬ ዘነቡ ሰባ ዓመት ሲሞላቸው የጤና መድን ቢሮው ጠራቸው። በሕጉ መሠረት ሰባ የሞላው ሰው ከሕመሞቹ አንዱን ብቻ ይመርጣል፤ ለሌላው መድኃኒት አያገኝም። ከመድኑ ውጭ መድኃኒት መሸጥ ከቀረ ቆይቷል።

«እማማ፣ ልብዎን ይምረጡ» አለቻቸው የቢሮው ፋርማሲስት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ያለ ልብ መድኃኒት ክረምቱን አይወጡትም። ያለ ዓይን ጠብታ ግን ዓይንዎ ቢጠፋም ይኖራሉ።»

«ባለቤቴ መናገር አይችልም» አሉ እትዬ ዘነቡ። «ስትሮክ አንደበቱን ከወሰደው ወዲህ የምንጫወተው በእጁ ምልክት ነው። ካላየሁት በምን እሰማዋለሁ?»

የዓይን ጠብታውን ተቀብለው ወጡ።

ባለቤታቸው ጋሽ አያልነህ በር ላይ ጠበቋቸው። ብልቃጡን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ደረታቸውን በጣታቸው እየነኩ «ልብሽስ?» አሉ።

«ልቤ ደህና ነው።»

ምርጫውን እስከ እሑድ መቀየር ይቻል ነበር። ጋሽ አያልነህ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሁለቱንም እጆቻቸውን ከውስጥ ሸሸጉ። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልተናገሩም። ምግብ ሲቀርብ እንኳ እጃቸውን አላወጡም።

«ተው እንጂ አያልነህ፣ አንድ ነገር በለኝ» እያሉ እትዬ ዘነቡ በየማዕዱ አጎረሷቸው። እሳቸውም እንባቸው እየወረደ አኝከው ዋጡ።

እሑድ አለፈ። ሰኞ ጠዋት ጋሽ አያልነህ እጆቻቸውን ከጋቢው ቀስ ብለው አወጡ።

«እልኸኛ ሴት!» አሏቸው።

እትዬ ዘነቡ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሐምሌ እስኪገባ ድረስ፣ ጨዋታቸው አልተቋረጠም።